አጎቴ ያበላሸው ሞተር

አጎቴ በሕይወቱ አንድ ሞተር ብቻ አበላሽቷል፤ እሱም የእኛ መኪና ላይ ያለው ነው። ሰፈሩ እጁ ስቶ ነው ይላል። እኔ ግን በቂም እንዳበላሸው በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ፣ ይህንንም ከእናቴ በቀር ለማንም ሳልናገር ነው ያደግኩት።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሙያው መካኒክነት። የሚኖረው ከእኛ ራቅ ባለ ሰፈር ስለነበር ብዙ አይመጣም፤ ዝናው ግን እኛም ዘንድ ደርሷል። ሰው ሁሉ የሚጠራው «ጸጥታ» እያለ ነበር፤ እሱ የነካው ሞተር ኮሽ አይልም ይባላል። ሠርቶ ሲጨርስ ሞተሩን ያስነሳና፣ ኮፈኑን ዘግቶ፣ እስከ አፉ የሞላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላዩ ላይ ያስቀምጣል። ውሃው ካልተነቃነቀ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተርገበገበ ግን፣ ባለመኪናው «ኧረ ይሁን፣ ይበቃኛል» እያለ ቢለምነውም ኮፈኑን መልሶ ይከፍተዋል። መጨረሻ ላይ ያንን ውሃ ራሱ ይጠጣውና አፉን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። እኔ ብዙ የማልናገር ልጅ ነበርኩ፤ የብርጭቆው ነገር ከተነሳ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስቆመኝ አልነበረም።

አባቴ ዳቦ አመላላሽ ነበር። ገና ሳይነጋ ከዳቦ ቤቱ ይጭንና ለየሱቁ ያደርሳል። መኪናችን ከእኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ በምትኩ የዳቦ ሳጥን ይደረደርበታል። ትምህርት በሌለ ቀን እኔም ከሳጥኖቹ መሀል እቀመጣለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ያልተንቀጠቀጠ ነገር አይኖርም፤ በሩ፣ መስታወቱ፣ ሳጥኑ፣ የእኔ ጥርስ። አፌን ከፍቼ «አ» ካልኩ ድምፄ ተቆራርጦ እንደ ፍየል ይወጣል። ትኩስ ዳቦና ቤንዚን አብረው ይሸታሉ። ዛሬም ዳቦ ቤት ስገባ ሽታው አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል፤ የጎደለው ቤንዚኑ ነው።

በቤታችን አንድ ደንብ ነበር። «ትልቅ ሰው ከኋላ አይጠራም። ዞረህ ፊቱ ቁም፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ ተናገር» ትለኛለች እናቴ። እኔም የጨዋ ልጅ ወግ ነው ብዬ ያዝኩት። አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጥያቄ ከመጣብኝ፣ በእሱና በሰሌዳው መሀል ሾልኬ እቆም ነበር። «አንተ ልጅ፣ ጠመኔ ነህ እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አስተማሪው ወግ የማያውቅ ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩት።

እናቴ ደግሞ ሰው የተናገረውን ሁሉ ትደግማለች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት መጥቶ «ነገ ቀደም በል» ካለ፣ ወደ አባቴ ዞራ፣ አፏን ሞልታ፣ «ነገ? ነገ ቀደም በል ነው የሚልህ?» ትላለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም» ካለ፣ «ሊዘንብ ነው? ዝናብ?» ትላለች፣ እንደገና ወደ አባቴ ዞራ። ስለዚህ ከቤታችን ሰው ጆሮዋ የሚያስቸግራት እናቴ ናት ብዬ ነበር የማምነው። አዝንላትና ቃሌን ከፍ አድርጌ እጮህላታለሁ። «ምን ያስጮህሃል? ደንቆሮ መሰልኩህ?» ትለኛለች።

ጆሮው የከዳው አባቴ ነበር። ዳቦ ከማመላለሱ በፊት ወጣትነቱን የጨረሰው ወፍጮ ቤት ነው፤ ወፍጮው እህሉን እየፈጨ ጆሮውንም አብሮ ፈጨው። ይህንን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። እየጎረመስኩ ስሄድ አንድ ቀን ማወቄን አወቅኩ እንጂ፣ በቤታችን ያ ነገር በስሙ ተጠርቶ አያውቅም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከአባቴ በፊት የነበረውን ሹፌር «የማይሰማ ሰው መሪ ይዞ ሰው ይፍጅብኝ?» ብሎ እንዳሰናበተው እናቴ ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ ነው የሰውን ቃል መድገም የጀመረችው። አባቴ ግን በዓይኑ የሚነዳ ሰው ነበር፤ ከመስታወቱ ላይ ዓይኑ አይነቀልም፤ አንድ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም።

አሮጌው ሞተር ዘይት መጠጣት ጀመረ። ከዚያ ዳገት ላይ መቆም ለመደ። አንድ ጠዋት ዳቦው መንገድ ላይ ቀረና ሱቆቹ ባዷቸውን ዋሉ፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤትም ሌላ ሹፌር እያማረጠ ነው የሚል ወሬ መጣ። እናቴ አጎቴን አስጠራችው። መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ትንሽ አዳመጠና ዘጋው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞተር አይደለም፣ ሳል ነው» አለ።

«ያስላል፣ ይሄዳል» አለ አባቴ።

«ከተገለበጠ መኪና የወጣ አንድ አግኝቻለሁ። አዲስ ነው በለው። ከዚችው ፋብሪካ ነው፣ የልጅ ልጇ ይሆናል። ቤንዚን አይፈጅ፣ አያጨስ። ስታስነሳው መነሳቱን እንኳ አታውቀውም።»

እናቴ እንደ ልማዷ ወደ አባቴ ዞራ ሁሉንም ደገመችለት። የመጨረሻዋን ግን አልደገመቻትም።

«አሮጌው ይሻለኛል። እኔና እሱ ተዋውቀናል» አለ አባቴ።

እኔ በልቤ ከአባቴ ጎን ቆምኩ። ወዳጁን ከመኪናዋ ውስጥ አውጥተው ሌላ ሊያስገቡበት ነው ብዬ አዘንኩ። አባቴ ግን ያኔ ያሰበው ስለ ወዳጅነት አልነበረም። ሞተሩ መነሳቱን በመቀመጫው፣ ማርሽ መለወጫው መድረሱን በመዳፉና በጫማው ነበር የሚያውቀው። ያ ሞተር ሲወጣ ምን አብሮ እንደሚወጣ ከእሱና ከእናቴ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም የዳቦው ሥራ እየሄደ ነው፤ «እሺ፣ ሥራው» አለ በመጨረሻ።

ሥራው የተሠራው ግቢያችን ውስጥ ነው። አጎቴ በመኪና መግቢያው አናት ላይ ካለው ብረት ላይ ሰንሰለት አንጠለጠለ። ልብስ ሰፊው የሚሰፋውን ትቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ መጣ። የመኪናዋ ፊት ተፈታትቶ ሲያይ «እኔ እንኳ ኮት ሳሳጥር እንዲህ አልተረትርም» አለ።

«አንተ ተርትረህ አትመልሰውም፣ ልዩነታችን እዚያ ላይ ነው» አለው አጎቴ።

አሮጌው ሞተር በሰንሰለቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ ጥቁር ዘይት እያንጠባጠበ አየር ላይ ዞረ። አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጡት። እኔ የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ጭንቅላቴን አስገብቼ ብመለከት መሬቱ ወለል ብሎ ታየኝ። መኪና ውስጧ ባዶ ነው ለካ ብዬ ተገረምኩ።

አዲሱ ሞተር ያነሰና የጸዳ ነበር። እግሮቹ ግን ከቦታው አልገጠሙም። አጎቴ ብረት ቆርጦ፣ በይዶ፣ አዳዲስ ማስቀመጫ ሠራለት፤ በብረትና በብረት መሀል ወፍራም ጥቁር ጎማ አደረገ። ጎማውን በአውራ ጣቴ አስጫነኝ። «ምስጢሩ ይሄ ነው። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ይንፈራገጥ፣ ሹፌሩ ጋ አይደርስም» አለኝ በኩራት።

ያኔ አባቴ መጣና አንድ ነገር አደረገ። ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፣ የፕላስቲክ እጀታውን በጥርሱ ነከሰ። አጎቴ ሞተሩን ለሙከራ አንድ ጊዜ አስነሳው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ከዚያ ካቻቢቴውን መልሶ አስቀመጠና ሄደ። የአዲሱን ሞተር ጣዕም እየቀመሰ መሰለኝ። ፊቱን አይቼም አልጣፈጠውም አልኩ። ጆሮ እምቢ ሲል ጥርስ እንደሚሰማ የሚያውቅ ያውቀዋል። አጎቴ ግን ያን ጊዜ ብሎን እያጠበቀ ስለነበር አላየውም።

ሥራው ባለቀበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ የብርጭቆውን ነገር ሊያይ ግቢያችንን ሞላው። አጎቴ ሞተሩን አስነሳ፣ ውሃውን አስቀመጠ። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ውሃውን በዓይኑ ለካው። «ተኝቷል እኮ። ቀሰቀስክብን እንዳትሉኝ ልሂድ» አለ። ሰዉ ሳቀ። አጎቴ ሞተሩን አጠፋ፣ ውሃውን ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ቁልፉንም በሁለት እጁ ለአባቴ ሰጠ።

«ጋሼ፣ አሁን አንተ አስነሳት።»

አባቴ ገብቶ ተቀመጠ። ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ ተነሳ፤ እኔ ሰማሁት፣ እንደ ድመት ነበር የሚያንኮራፋው። አባቴ ጠበቀ። መሪውን አየ። ከዚያ ቁልፉን እንደገና ጠመዘዘው።

ብረት ብረትን ሲያኝክ ጆሮ አይችለውም። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። አባቴ ለቀቀና ጠበቀ፤ አሁንም ጠመዘዘ። ያው ድምፅ።

«ሰውዬው፣ ተነስቷል እኮ፤ ስንቴ ነው የምትቀሰቅሰው?» አለ ልብስ ሰፊው። ሳቁ እንደገና ተነሳ። አባቴ የሚስቁትን ፊቶች በመስታወቱ ውስጥ አንድ በአንድ አያቸው። እኔ ደግሞ ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው ብዬ አምኛለሁ፤ የአሮጌውን ቦታ የወሰደበትን አዲሱን እያሰቃየው ነው።

አጎቴ ከመኪናዋ በስተኋላ ነበር የቆመው። «ጋሼ፣ ተወው» አለ። አባቴ አልዞረም። «ጋሼ» አለ ከፍ አድርጎ። አባቴ መሪውን ብቻ ያያል። የአጎቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ተዋረደ፣ ተናደደ አልኩ።

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መሀል ገባች። «ቁልፉ ነው። ድሮም ይይዘው ነበር።»

ቁልፉ ይዞት አያውቅም። እናቴ ስትዋሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አጎቴ ረጋ ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። «አዎ፣ ቁልፉ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። በሉ ነገ ተመለሱ፣ ዛሬ አላለቀም።» አባቴ ወርዶ ቤት ገባ፤ በሩንም ዘጋው።

ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ሆኜ እናቴና አጎቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ለእኔ ለወንድምሽ አይነገርም?»

«ለማን ተነግሮ። እሱ ራሱ ለራሱ አልነገረውም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ በምን እያወቀ ነው የነዳው?»

«በእጁ፣ በወንበሩ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስትንቀጠቀጥ ልቡ ያርፋል።»

«እኔ ደግሞ መንቀጥቀጧን ገደልኩበት» አለ አጎቴ።

«ከነገ ወዲያ ዳቦ ቤቱ ይጠብቀዋል። ሰው ፊት እንዲህ ካደረገው አለቀልን።»

«ተይው። እኔ አለሁ።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የያዝኩት «ገደልኩበት» የሚለውንና «እኔ አለሁ» የሚለውን ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ትልልቆቹ ልጆች ለጠብ ሲፈላለጉ «ቆይ፣ እኔ አለሁ» ይላሉ። አጎቴ ቂም ያዘ ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ እናቴ አባቴን ዘመድ እንጠይቅ ብላ ይዛው ወጣች። እኔና አጎቴ ግቢ ውስጥ ቀረን። ሞተሩን በሰንሰለቱ ትንሽ ከፍ አደረገው፤ እነዚያን የኮራባቸውን ጎማዎች አንድ በአንድ አወጣቸው፣ በጨርቅ ጠረጋቸው፣ ጠቅልሎም የራሱ ቦርሳ ውስጥ ከተታቸው። ከዚያ ብረት ቆርጦ መሞረድ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ሞረደ። ያስገባል፣ ያያል፣ ያወጣል፣ ይሞርዳል። አንዴ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ራሱን ነቀነቀና ወርዶ እንደገና ሞረደ።

ልጠይቀው ብፈልግ መኪናዋ ስር ገብቶ ተንጋሏል። ትልቅ ሰው ከኋላ አይጠራም። ስለዚህ እኔም በጀርባዬ ተንፏቅቄ ገባሁና ፊቴን ከፊቱ አደረስኩ።

«አጎቴ፣ ጎማዎቹን ለምን ወሰድካቸው?»

ደንግጦ ራሱን ከብረቱ ጋር አጋጨ። ግንባሩን እያሸ ቢያየኝ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ለአባትህ ብረት ይበቃዋል» አለኝ።

አመሻሽ ላይ ተመልሰው እንደገቡ ለእናቴ ሄጄ ተናገርኩ። «አጎቴ ጎማዎቹን ሰርቆ ብረት አደረገበት።» በሳሙና የተሸበሸበ እጇን አፌ ላይ ጫነች። «ይሄን ለማንም እንዳትናገር። ለአባትህማ ጭራሽ።» ስለዚህ እውነት ነው አልኩ። የዘመድ ገበና ነው፤ ይደበቃል።

ገና ሳይጨልም ጎረቤቱ ሲመለስ ብርጭቆውን ይዞ የመጣው ልብስ ሰፊው ራሱ ነበር። አጎቴ «ዛሬ ይቅር» ቢለውም አልሰማውም፤ ሞልቶ ኮፈኑ ላይ አኖረው። ሞተሩ ሲነሳ መኪናዋ ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ ተንቀጠቀጠች። ውሃው ተረጨ። ብርጭቆው እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ኮፈኑን አቋርጦ ሄደና ወድቆ ተሰበረ።

«ጸጥታ፣ ምነው? ስምህን የት ጣልከው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እጄ ሳተ» አለ አጎቴ።

«ለዘመድ ሲሆን እንዲህ ነው። የመካኒክ ዘመድ በእግሩ ይሂድ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጸጥታ ሳትሆን ነውጤ ነህ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አጎቴም አብሮ ሳቀ። መኪናውን እንዲያይለት በራችን ላይ አቁሞ ሲጠብቅ የነበረ አንድ ሰው ግን ሳይስቅ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ነውጤ የሚለው ስም አጎቴን ተከትሎት ሰፈሩ ድረስ ገባ። ለብዙ ጊዜ ደንበኞቹ እየሳሱ፣ የሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ እስከ መሥራት እንደደረሰ የሰማሁት ኋላ ነው። ያኔ ግን የታየኝ ሌላ ነበር፤ የእጁን አገኘ አልኩ።

አባቴ ሊነዳ ገባ። ቁልፉን ጠመዘዘ። መኪናዋ ገና ስትርገፈገፍ እጁ ከቁልፉ ላይ ተነሳ። ሁለት መዳፉን መሪው ላይ ዘርግቶ አሳረፈና እንደዚያው ቆየ፤ ክረምት ላይ እሳት የሚሞቅ ሰው ይመስል ነበር። ትከሻው ወረደ። ከዚያ ቀና ብሎ በፊት መስታወቱ ወደ አጎቴ ተመለከተ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ የብርጭቆ ስብርባሪ እየለቀመ ነበር፤ አላየውም፣ ወይም ላለማየት ብሎ ነው።

አባቴ ማርሽ አስገብቶ ወጣ። መታጠፊያው ጋ ለወጠ፣ ዳገቱ ላይ መልሶ ለወጠ፤ አንድም ጊዜ አላንገጫገጫትም። ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ ጥሩምባውን ነፋልን። ወርዶ ቀጥ ብሎ ወደ አጎቴ ሄደ።

«አንተ ልጅ» አለው፣ «እጅህ ይባረክ።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩ ከአንገቱ እስኪወድቅ ሳቀ። እኔ ደግሞ በአባቴ ጨዋነት ተደነቅኩ። የበደለውን ሰው እየመረቀ ነው። አጎቴ እጁ በዘይት ስለቆሸሸ ክንዱን ብቻ ዘረጋ፣ አባቴም ክንዱን ያዘው። እናቴ ቤት ውስጥ ሥራ እንዳለባት ሁሉ ፈጥና ገባች።

በዚያች መኪና አባቴ ከዚያ በኋላ ዓመታት ዳቦ አመላለሰ። እኔ ያደግኩት በእሷ ነው። አባቴ አርጅቶ መንዳት ሲያቆም ለእኔ ሰጠኝ፤ ዛሬ ዳቦውን የማመላልሰው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ መንቀጥቀጧ ያናድደኝ ነበር። ጥሩ ጎማ ገዝቼ ይሄን የቂም ብረት አወጣዋለሁ እል ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ድምፅ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። ቁልፉን ጠመዘዝኩ፤ ምንም አልሰማሁም። ሞተሩ ግን በወንበሩ በኩል ወደ ወገቤ፣ በመሪው በኩል ወደ ክንዴ መጣ። ማርሹን መቼ እንደምለውጥ መዳፌ ነገረኝ፤ ጆሮዬን አንድም ጊዜ አልፈለግኩትም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሞተሩን ሳላጠፋ ብዙ ተቀመጥኩ። ሳጥን የሚጭኑት ልጆች «ምን ሆነህ ነው?» እያሉ መስታወቱን አንኳኩ።

ጎማውን አልገዛሁም።

አጎቴ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። በቀደም መጣና ሳሎን ተቀመጥን። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሩ ላይ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ መንገዱን ያያል። በር ቢገነጠል ከማይሰማበት ደረጃ ከደረሰ ቆይቷል። ድፍረት እስካገኝ ስለ ሌላ ሌላው አወራሁ። ከዚያ «አጎቴ፣ ያንን ብረት ያስገባኸው አውቀህ ነው፣ አይደል? እጅህ አልሳተም» አልኩት።

አጎቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ አባቴ ጀርባ ተመለከተ። ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገና ጎንበስ አለ።

«ቀስ ብለህ አውራ» አለኝ በሹክሹክታ። «ይሰማሃል።»

እሺ ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።